የመምህር ሃይማኖትና የተማሪው ጥያቄ

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው፣ መስቀሉ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ስለ ተሰቀለ፣ የጧቱም ሰልፍ በጸሎት ስለሚከፈት፣ ሃይማኖቱ ያለ ተጋድሎ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠለቀ የሚሄድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሌሎች ደግሞ ቅዱስ ነገርን ዕለት ዕለት መልመድ አክብሮትን ያጠፋልና፣ እንዲህ ያለው መምህር ውሎ አድሮ በመሠዊያው አጠገብ እየኖረ ልቡ የማይነካ ሰው ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። እኔ በአዲስ አበባ ካቶሊካዊ ትምህርት ቤት ሒሳብ በማስተማር ዕድሜዬን ያሳለፍሁ፣ የግእዙን ሥርዓተ ቅዳሴ ከሚከተሉት ካቶሊካውያን ወገን የተወለድሁ ሰው ስሆን፣ ከሁለቱ አስተያየቶች አንዱንም ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሁለቱም ሲፈጸሙ አይቻለሁና። ነገር ግን ሁለቱም የመምህሩን ሃይማኖት ከሕንፃው ጋር ብቻ አገናኝተው ስለሚመለከቱት፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የተቀመጡትን ልጆች ይረሳሉ። ሃይማኖቴ ጥቂት ባደገ ጊዜ ሁሉ፣ ያሳደገው ነገር የመጣልኝ ከተማሪዎቹ መቀመጫ ወገን ነበር፤ ስለዚህም ነገር የማስበውን ልጽፍ ወደድሁ።

አስቀድሞ የአገራችን ካቶሊካዊ ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ካቶሊካውያን ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶ 0.7 እጅ ያህል ብቻ ሆነው ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ጧት ስም ሲጠራ «አቤት» የሚሉት ልጆች አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ የእስልምናና የወንጌላውያን ቤተ ሰቦች ልጆች ናቸው፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 90 ንኡስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ትምህርተ ክርስቶስ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ግብረ ገብ ነው። ይህን ገደብ እንደ ጉዳት የሚቈጥሩ ወንድሞች አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን በገዛ ቤቷ ዝም እንድትል ተደረገች ይላሉ። እኔ ግን ለመምህሩ ነፍስ ከዚህ የበለጠ በረከት አላውቅም።

ቃሉ ከአፉ የተከለከለበት መምህር ሃይማኖቱን የሚገልጽበት ሌላ ስፍራ መፈለጉ ግድ ነውና፤ ያም ስፍራ እጅግ የጠበበ፣ ለሁሉም እጅግ የተገለጠ ነው። ደብተር በሚያርምበት ጊዜ ቀዩ እስክሪብቶ በማን ላይ እንደሚከብድና በማን ላይ እንደሚቀል፣ ክፍያው የዘገየበትን ልጅ ስም በጓደኞቹ ፊት ይጠራ ወይም ይሰውር እንደ ሆነ፣ የባለ ሥልጣን ልጅ ማርክ እንዲታይለት ሲጠይቅ የሚያሳየውን ትዕግሥት የዘበኛው ልጅ ሲጠይቅም ያሳይ እንደ ሆነ፣ ይህን ሁሉ ልጆች ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ ሰባኪ ቢሆን ኖሮ በስብከቱ ውበት ብዙ ነገር ሊሸፈንለት በቻለ ነበር፤ የሒሳብ መምህር ግን ልጆቹ ከሚያዩት ፍርዱ በቀር ሌላ ስብከት የለውም።

በአንድ የረመዳን ወር ከተማሪዎቼ አንዲቱ ከሰዓት በኋላ ፈተናዋን ጨርሳ ወረቀቷን ስታስረክበኝ፣ ከንፈሯ ደርቆ ሳለ ፊቷ ግን ሳይጠቍር፣ «መምህር፣ እናንተስ ስትጾሙ ውሃ ትጠጣላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። በእኛም ሥርዓት ከጥሉላት መከልከል ብቻ ሳይሆን እስከ ተወሰነው ሰዓት ከእህልና ከውሃ መቈጠብ እንዳለ ነገርኋት። እርስዋም ዘመድ ያገኘች ያህል ደስ ብሏት፣ «እንግዲያው እኛን ትመስላላችሁ» አለችና ሄደች። በጥያቄዋ ውስጥ ምንም ተንኰል አልነበረም፤ እኔንም ለመመርመር አላሰበችም። ነገር ግን እኔ ከሥርዓተ ጾም መጽሐፍ የማውቀውን ነገር እርስዋ ከንጋት ጀምራ ስትኖረው ውላ ነበር፤ የነገርኋትንም ሁሉ ያለ ጥርጥር ተቀበለችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የተናገርሁት ነገር እውነት ሆኖ እንዲገኝ የሚጠብቅ አንድ ሰው በዓለም ላይ ተገኘ፤ በተከተለውም ዐቢይ ጾም፣ የተወሰነው ሰዓት ሳይደርስ እጄን ወደ ብርጭቆው ለመዘርጋት ባሰብሁ ጊዜ የምትታየኝ እርስዋ ነበረች። እስላም ሕፃን የክርስቲያኑን ጾም ጠበቀችለት ማለት ለአንዳንዱ ሰው እንግዳ ይሆንበት ይሆናል፤ በትምህርት ቤት ውስጥ ለኖረ ግን እንግዳ አይደለም።

ይህ ነገር ከእኛ እጅግ የበለጡ ሰዎች የቀመሱት ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩት ወንድሞች፣ ተማሪዎቻቸው «ብራዘር» እያሉ የሚጠሯቸው፣ ማኅበራቸውን የመሠረተላቸው ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል ነው። እርሱ በ1651 (የምዕራባውያንን ታሪክ ሳነሣ ዓመቱን በእነርሱ አቈጣጠር እጽፋለሁ) በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ ከባለጸጋ ቤት ተወልዶ፣ ገና በጕብዝናው የከተማይቱ ካቴድራል ካኖን (ገቢ የተመደበለት የካቴድራሉ አገልጋይ) ሆኖ፣ በ1678 ማዕርገ ቅስና ተቀብሎ፣ በነገረ መለኮትም የዶክተርነትን ማዕርግ ያገኘ ሰው ሲሆን፣ የድኾችን ልጆች ለማስተማር ከቶ አላሰበም ነበር። በ1679 አድርያን ኒዬል የተባለ ምእመን ትምህርት ቤት ለመክፈት ከሩዋን መጥቶ ረድኤቱን ቢለምነው፣ በበጎ ፈቃድ መንገዱን አሳየው፤ መንገድ ማሳየቱ ቤት ወደ መከራየት፣ ቤት መከራየቱ መምህራኑን ወደ መቈጣጠር፣ መቈጣጠሩም በማዕዱ ወደ ማስቀመጥ አደረሰው። በ1681 መምህራኑን በገዛ ቤቱ አሳደራቸው፤ ዘመዶቹም ይህን እንደ ውርደት ቈጥረው ታናናሾቹን ወንድሞቹን ከእርሱ እስከ መለየት ደረሱ። ኋላ ራሱ እንደ ጻፈው፣ እነዚያን ያልተማሩና ያልሠለጠኑ መምህራን በመጀመሪያ ከቤቱ አሽከር በታች ያደርጋቸው ነበር፤ ከእነርሱ ጋር አንድ ቀን እንደሚኖር አስቀድሞ የሚነግረው ቢኖር ኖሮም ሥራውን ባልጀመረው ነበር።

እነዚህ መምህራን ስለ ነገ ይሰጉ ነበር። ደመወዛቸው ጥቂት፣ ትምህርት ቤቱም መሠረት የሌለው ስለ ሆነ፣ ብንታመም ወይም ብናረጅ ምን እንሆናለን እያሉ ሲያጕረመርሙ፣ ደ ላ ሳል ስለ መግቦተ እግዚአብሔር፣ ስለ ሰማይ አዕዋፍና ስለ ሜዳ አበቦች በመልካም አንደበት አስተማራቸው። እነርሱም ይህን መናገር ለእርስዎ ይቀልልዎታል፤ እርስዎ ርስት አለዎት፣ የካኖንነትም ገቢ አለዎት፤ ይህ ቤት ቢፈርስ እርስዎ እንደ ቆሙ ይቀራሉ፣ እኛ ግን ከፍርስራሹ ጋር እንወድቃለን ሲሉ መለሱለት። ይህ መልስ ልቡን ወጋው። ኒኮላ ባሬ ከተባለው መነኵሴ ምክር ጠይቆ፣ በ1683 የካኖንነቱን ማዕርግ ለአንድ ድኻ ቄስ ለቀቀ፤ ከዚያም በኋላ በሻምፓኝ አገር ጽኑ ረኃብ ስለ ገባ ርስቱን ሁሉ እንጀራ አድርጎ ለድኾች አከፋፈለው። ገንዘቡን ለትምህርት ቤቶቹ መሠረት አድርጎ ማስቀመጥ በሥጋዊ ጥበብ የተሻለ በሆነ ነበር፤ ይህንንም የመከሩት ነበሩ፤ እርሱ ግን አላደረገውም።

በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ አስባለሁ። ደ ላ ሳል ስለ አዕዋፍና ስለ አበቦች ባስተማረ ጊዜ የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ቃሉ የወንጌል ቃል ነበር፤ እርሱም ከልቡ ያምነው ነበር። እንግዲህ ከዚያ መልስ በፊት የነበረው ሃይማኖትና ከዚያ በኋላ የነበረው ሃይማኖት በምን ይለያያሉ? በአንቀጸ ሃይማኖት አይለያዩም፤ በዕውቀትም አይለያዩም፤ ሊቁ ከመምህራኑ ምንም አዲስ ትምህርት አልተቀበለም። እኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው፦ ማንኛውም ቃል፣ በተለይም ከፍ ያለው ቃል፣ ከተናጋሪው ወገን ሲታይ ሙሉ ነው፤ ኅሊናውን ይሞላዋልና። በዚያ ቃል ላይ ተደግፎ መኖር ያለበት ሰሚው ግን ቃሉን ከሌላው ወገን ያየዋል፤ የት ላይ መሬት እንደሚነካና የት ላይ በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ለይቶ የሚያውቅ እርሱ ነው። ያልተማሩት መምህራን ሊቁ ስለ መግቦት የተናገረውን ሊኖሩበት ቢሞክሩ፣ እርሱ በውስጡ እንደማይኖር አገኙ። ማስተማሩን ትቶ ቢመንን ኖሮ ይህን የሚነግረው አያገኝም ነበር፤ በበዓቱ ተዘግቶ ስለ መግቦት በተመስጦ ሲያስብ ኖሮ በሰላም ባረፈ ነበር። ማስተማር ሰውን ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ መርማሪዎቹም መመርመራቸውን የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ያ የመምህራኑ መልስ ዛሬ ለእኛም የሚመጣ ነው፤ ይህንንም ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን በከንቱ አነሣሁት ማለት ነው። ደ ላ ሳል ለድኾች ልጆች ያቆማቸው ትምህርት ቤቶች ከድኻውም ከባለጸጋውም ልጅ ዋጋ የማይቀበሉ ነበሩ። በከተማችን የካቶሊክ ትምህርት ቤት በሥነ ሥርዓቱና በፈተና ውጤቱ የተመሰገነ ስለ ሆነ፣ በምዝገባ ወራት ወላጆች በብዛት ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ በረዘመ መጠን፣ ክፍያውም ከኑሮ ውድነት ጋር ባደገ መጠን፣ ቤቱ ሳያስበው መክፈል የሚችሉ ሰዎች ቤት ወደ መሆን ያዘነብላል። የመምህሩን ደመወዝ የሚከፍለው ያ ክፍያ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ እኔም በእርሱ ልጆቼን አሳድጌአለሁ፤ ስለዚህ በአስተዳዳሪዎች ላይ ድንጋይ ለመወርወር አልነሣም። ነገር ግን በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ስለ ድኾች ክብር የተማረ ልጅ፣ በግቢው ውስጥ ድኻ ስንት ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ ጥያቄ የደ ላ ሳል መምህራን ጥያቄ ነው፤ መልሱም በቃል የሚሰጥ አይደለም። ለድኻ ልጆች ነጻ ወንበር የሚያስቀምጥ ትምህርት ቤት የሚያደርገውን ምጽዋት ብቻ አድርጎ ባይቈጥረው መልካም ነው፤ ያ ወንበር ባዶ በሆነበት ክፍል ውስጥ የሚነገረው ሁሉ የሚነካው መሬት ያጣልና።

ስለ መሰልቸት የሚነሣውም ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ያንኑ ትምህርት ከዓመት ዓመት መደጋገም ነፍስን እንደሚያደነዝዝ ማን ይክዳል? በ400 ዓ.ም. ገደማ ዴኦግራቲያስ የተባለ የካርታጎ ዲያቆን፣ ንኡሰ ክርስቲያንን ሲያስተምር ቃሉ ለራሱ እንኳ ጣዕም እያጣበት እንደ ተቸገረ ለቅዱስ አውግስጢኖስ ቢጽፍለት፣ አውግስጢኖስ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ መለሰለት። እርሱ ራሱ በካርታጎ፣ በሮማና በሚላን የንግግር ጥበብ መምህር የነበረ ስለ ሆነ የወንበሩን ድካም ያውቀዋል፤ የመሰልቸትንም ምክንያቶች አንድ በአንድ እየቈጠረ ለያንዳንዱ መድኀኒት ይሰጣል። ከመድኀኒቶቹ አንዱ እጅግ ትሑት ነው፤ ሰሚው ቆሞ ደክሞት እንደ ሆነ ወንበር ስጠው ይላል። ሌላው ግን ጥልቅ ነው፤ ሁልጊዜ የምናልፍበትን ያማረ ስፍራ አይቶት ለማያውቅ ወዳጅ ስናሳየው፣ በእርሱ ደስታ የእኛም ደስታ እንደሚታደስ፣ የተለመደውም ትምህርት በፍቅር ከሰሚው ጋር አንድ ለሆነ መምህር እንዲሁ አዲስ ይሆናል ይላል። ይህን ምክር በሒሳብ ክፍል ውስጥ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር ከሁለት ቀጤ ማዕዘኖች ጋር እኩል መሆኑን ለእኔ ብቻ ስደጋግመው ደረቅ ነገር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በምታየው ልጅ ፊት ግን ደረቅ አይደለም።

ስለ መምህር ባሕርይ ግን አውግስጢኖስ ከዚህ በፊት፣ ከልጁ ከአዴዎዳቱስ ጋር ባደረገው ጭውውት ውስጥ፣ የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር ጽፏል። ልጁ ብሩህ አእምሮ የነበረውና በወጣትነቱ ያረፈ ነው፤ አባቱም ከእርሱ ጋር ሲመራመር፣ ቃል ዕውቀትን ከአንዱ ወደ ሌላው አያስተላልፍም፤ ተማሪው እውነትን የሚያየው በውስጡ በሚያበራው መምህር፣ ማለት በክርስቶስ ብርሃን ነው ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። ይህን የሚጠራጠር ሰው የሒሳብ መምህር ይሁን። ማስረጃውን በሰሌዳው ላይ ደረጃ በደረጃ ስጽፈው አንዳንዶቹ እኔ ስላልሁ ብቻ አንገታቸውን ያነቃንቃሉ፤ እነዚህ ገና አላዩም። ከዚያ መካከል አንዱ ድንገት ቀና ይላል፤ ከእንግዲህ እኔ አይደለም ብል እንኳ አያምነኝም፤ አይቶታልና። ከየት አየው? ከአፌ አይደለም፤ እኔ የተናገርሁትን ሌሎቹም ሰምተውታል። ከጠመኔውም አይደለም። እስላሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤ የሚባለውም ልጅ ያንኑ ነገር በዚያው ብርሃን ያየዋል፤ ብርሃኑም የማንንም ሃይማኖት ሳይጠይቅ ይሰጣል። እኔ ወደ ዓለም ለሚመጣ ሰው ሁሉ ስለሚያበራው ብርሃን በቅዳሴ ሰዓት ሰምቼ የማምነውን ነገር፣ ሲሠራ የማየው በዚህ ስፍራ ነው። መምህሩ በዚያች ቅጽበት ምስክር ብቻ ነው፤ ምንጭ አለመሆኑንም ዐውቆ ደስ ይለዋል።

ቀና ስለማይለውስ ልጅ ምን እንላለን? ስለ እርሱ የጻፈችልን ሲሞን ቬይ ናት፤ በፈረንሳይ አገር በልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ፍልስፍና ያስተማረች፣ ክርስቶስን እየወደደች ከጥምቀት ደጃፍ ውጭ መቆምን የመረጠች ሴት። በ1942 ለአንድ ዶሚኒካዊ ካህን በጻፈችው ሐተታ፣ በጂኦሜትሪ ጥያቄ ላይ በሙሉ ልብ የተደረገ ጥረት መልሱ ባይገኝም እንኳ አይጠፋም፤ የጸሎት ባሕርይ የሆነውን የልብ ትኵረት ያሳድጋል ትላለች። ይህን ማረጋገጥ አይቻልም። የማርክ መዝገብ ጥረትን የሚጽፍበት ዐምድ የለውም፤ በፈተና የወደቀ ወድቋል። ነገር ግን በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ አንድን ጥያቄ ሲሰርዝና ሲጽፍ ሰዓቱ ያለቀበትን ልጅ ዓይን ለዓይን ሳየው፣ ድካምህ ከንቱ አይደለም ልለው እወዳለሁ፤ ይህን ለማለትም የማይታየውን ማመን ይገባኛል። ጐበዙ ተማሪ ይህን ሃይማኖት ከእኔ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀኝ ደካማው ነው።

የመምህር ሃይማኖት በሚጠይቀው ሰው የሚያድግ መሆኑን ሳስብ፣ በአገራችን ታሪክ ውስጥ የምዞረው ወደ ሁለት ሰዎች ነው፤ የእነርሱንም ዓመታት በምዕራባውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ። በ1839 ወደ ዐድዋ የደረሰው ኢጣሊያዊው አቡነ ያዕቆብ፣ በውጭ አገር አጠራር ጁስቲን ደ ያኮቢስ፣ ሊያስተምር መጥቶ አስቀድሞ ተማሪ ሆነ፤ ቋንቋውን ተማረ፣ እንደ አገሩ መነኰሳት ለበሰ፣ የግእዙንም ሥርዓት አከበረ። ከእርሱ ጋር በ1841 ወደ ግብፅ የተጓዘው የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ ለሌሎች መምህር የነበረ፣ ነገር ግን እስከ ሽምግልናው ድረስ እውነትን በገዳማትና በመጻሕፍት እየዞረ የጠየቀ ሰው ነበር፤ በ1855 በእስር ሳለ ዐረፈ። ይህ ታሪክ በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ቍስል ያለበት ስለ ሆነ፣ ከኦርቶዶክሳውያን ባልደረቦቼ ጋር በመምህራን ክፍል ሻይ የምጠጣ እኔ ቍስሉን ለመንካት አላነሣውም። የማነሣው፣ ሊቁ ከእንግዳው ጥያቄ፣ እንግዳውም ከሊቁ ጥያቄ እንዳልሸሹ ለማስታወስ ነው። አንዱ ሌላውን በጠየቀ መጠን የሁለቱም ሃይማኖት ዋጋ የሚያስከፍል ሆነ፤ ዋጋውንም ከፈሉ።

ደ ላ ሳል ለወንድሞቹ በጻፈው የሱባኤ ትምህርት፣ መምህራንን ያዕቆብ ባየው መሰላል ላይ ከሚወጡትና ከሚወርዱት መላእክት ጋር ያመሳስላቸዋል፤ የልጆቹን ችግር ይዘው ወደ እግዚአብሔር እንዲወጡ፣ ፈቃዱንም ይዘው ወደ ልጆቹ እንዲወርዱ ነው። እኔም የክፍሌን ስም ዝርዝር ከቅዳሴ በፊት በልቤ እያነበብሁ እጸልያለሁ፤ ዝርዝሩም የፊደል ተራ እንጂ የሃይማኖት ተራ የለውም። ስለ እስላሙ ልጅ ወይም ስለ ወንጌላዊቱ ልጅ እነርሱ ሳያውቁ መጸለይ የተከለከለውን ተጽዕኖ በጓሮ በር ማስገባት አይሆንምን? ብሎ አንድ ባልደረባዬ ጠይቆኛል፤ ጥያቄውም የሚገባ ነው። የመለስሁለት እንዲህ ነው፦ ሃይማኖታቸው ይለወጥ ብዬ አልጸልይም፤ የታመመች እናት ያለችው እናቱ እንድትድንለት፣ በማካፈል ሒሳብ የተቸገረችው እንድታይ፣ ከአባቱ ጋር የተጣላው እንዲታረቅ እጸልያለሁ። እነርሱን የሚያስገድዳቸው ነገር በዚህ ውስጥ የለም። የሚያስገድደው እኔን ነው፤ ጧት ስሙን በእግዚአብሔር ፊት የጠራሁትን ልጅ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የቤት ሥራውን ሳይሠራ ሲመጣ እንዴት አድርጌ እንደምጠራው ከዚያ በኋላ በእጄ አይደለም።